ለ13ቢ ሮታሪ ሞተር ቱርቦ መምረጥ፦ በቤት ለሚሠራ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን፣ መነሻው ጅማ

ቂጦ_13ቢ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። የቱርቦ መጠን ላይ ምክራችሁን እፈልጋለሁ። ዝርዝሩ ይኸው።

ሞተሩ የማዝዳ 13ቢ ነው። ሁለት ሮተር (በፒስተን ፋንታ የሚዞሩ ባለ ሦስት ማዕዘን አካላት)፣ 1,308 ሲሲ፣ ፋብሪካው ያለ ቱርቦ ያወጣው፣ ኮምፕሬሽኑ 9.4 ለ1። ጭሱ የሚወጣው ከሮተር ቤቱ ዙሪያ ነው፤ እንደ ሬኔሲስ (የኋላው የማዝዳ ሮታሪ) በጎን አይደለም። የማርሽ ቅነሳው 2.85 ለ1 ስለሆነ ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ሲዞር ፕሮፔለሩ 2,105 ይዞራል። መነሻው አባ ሰጉድ ሜዳ፣ 1,700 ሜትር ገደማ። የጉዞ ከፍታ 3,500 ሜትር። ወደ አዲስ አበባ ከታሰበ ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ከዚያ ዝቅ ብሎ መሄድ አይታሰብም።

ያሉኝ አማራጮች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ የሁለተኛው ትውልድ አርኤክስ-7 ቱርቦ መኪና ላይ የነበረው ሂታቺ። ሁለተኛ፣ ተገጣጥሞ የሚሠራ የጋሬት ቲ04ኢ። ሦስተኛ፣ ገበያ ውስጥ በቀላሉ የሚገኝ ከናፍጣ መኪና የወረደ ቱርቦ። የትኛው ያዋጣል?

አየር_ሚዛን | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

መጀመሪያ ሥራውን ወስንለት። አንድ ቱርቦ ከባሕር ወለል ጉልበት በላይ ለመጨመር ሊገባ ይችላል፤ ከፍታ የነጠቀህን አየር ለመመለስ ብቻም ሊገባ ይችላል። በ9.4 ኮምፕሬሽንና በማደያ ቤንዚን ያንተ ሥራ ሁለተኛው ብቻ ነው። ማኒፎልድህን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት) 101 ኪሎፓስካል ላይ (30 ኢንች ሜርኩሪ) አቁመው፣ ከዚያ አታሳልፈው። ሮታሪ ሲያንኳኳ (ቤንዚኑ ያለ ልክ በድንገት ሲፈነዳ) እንደ ፒስተን ሞተር ቆይቶ አይደለም የሚጎዳው፤ አንዴ ከበድ ያለ ማንኳኳት አፔክስ ሲሉን (የሮተሩ ጫፍ ላይ ያለውን ማሸጊያ) ይሰብረዋል፣ ስባሪውም በጭስ መውጫው ሄዶ የተርባይኑን (በጭስ የሚዞረውን የቱርቦ ጎን) ምላጭ ይበላል።

አሁን ስሌቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሮታሪ አየር አወሳሰድ ላይ ነው። ሮተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ዘንጉ ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ሮተር በያንዳንዱ የዘንግ ዙር አንድ ጊዜ ይስባል። ስለዚህ 1.3 ሊትሩ በሙሉ በአንድ ዙር ይገባል፤ የቱርቦ ካርታ (በምን ግፊትና ፍሰት እንደሚሠራ የሚያሳየው ንድፍ) ላይ እንደ 2.6 ሊትር ፒስተን ሞተር ቁጠረው። በ6,000 ዙር 7,848 ሊትር በደቂቃ ነው። አሞላሉን 95 በመቶ፣ የማኒፎልድ ሙቀቱን 50 ዲግሪ ብንይዝ 0.136 ኪሎ ግራም በሰከንድ ይወጣል፤ በካርታዎቹ መለኪያ 18 ፓውንድ በደቂቃ።

ይህ ግን እውነተኛው ክብደት ነው እንጂ ካርታው ላይ የምታስቀምጠው ቁጥር አይደለም። ካርታው የተሠራው ለባሕር ወለል አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ኮምፕሬሰሩ (አየር የሚጨምቀው የቱርቦ ጎን) ለዚያው ክብደት ብዙ ይዘት መዋጥ አለበት። ለማጣሪያው 1.5፣ ለኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር ለሚያቀዘቅዘው) እና ለቱቦው 5 ኪሎፓስካል ኪሳራ ይዤ፣ ሙቀቱንም ለአገራችን አየር ከመደበኛው 10 ዲግሪ ገደማ ከፍ አድርጌ ያገኘሁት ይህ ነው፦

ጅማ፣ 1,700 ሜትር፣ የውጭ ግፊት 82.5 ኪሎፓስካል፦ የግፊት ንጽጽር (የመውጫው ለመግቢያው) 1.31፣ የካርታ ፍሰት 22.5 ፓውንድ በደቂቃ
3,500 ሜትር፣ 65.8 ኪሎፓስካል፦ ንጽጽር 1.65፣ ፍሰት 27.7
4,500 ሜትር፣ 57.7 ኪሎፓስካል፦ ንጽጽር 1.89፣ ፍሰት 31.3

እነዚህን ሦስት ነጥቦች በእርሳስ አገናኛቸው። የምትመርጠው ኮምፕሬሰር መስመሩን ከሰርጅ ወሰን (አየሩ ወደ ኋላ መመለስ ከሚጀምርበት) በስተቀኝ፣ ከ70 በመቶ ቅልጥፍና በላይ የሚይዝ መሆን አለበት። ቲ04ኢ 50 ትሪም (ትሪም የጎማው መጠን መለያ ነው) ይህን በደንብ ይሸከማል። ከሱ የሚተልቁት 60 ፓውንድ የሚነፉ ቱርቦዎች ግን ጅማ ላይ ገና ስትነሳ ወደ ሰርጁ ወሰን ያስጠጉሃል፤ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አትግዛ።

የድሮ_መካኒክ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡40

ልጄ፣ የናፍጣውን ነገር ከወዲሁ ተወው። ቱርቦው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለሌላ እሳት የተሠራ ስለሆነ ነው። የናፍጣ ጭስ በሙሉ ጭነት እንኳ 700 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚሽከረከረው። ሮታሪ ላይ ማቃጠያው ረጅምና ጠፍጣፋ ስለሆነ ቤንዚኑ ነዶ ሳያልቅ የጭስ መውጫው ይከፈታል፤ ተርባይኑ በር ላይ ከ900 በላይ ታገኛለህ። በዚያ ሙቀት የናፍጣው ተርባይን ቤት መጀመሪያ ይጣመማል፣ ቀጥሎ በምላሱ በኩል ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ጎማው (ምላጮቹን የያዘው የሚዞረው መንኮራኩር) ቤቱን መነካካት ይጀምራል።

ስትገዛ ሁለት ነገር ጠይቅ። ጎማው ኢንኮኔል 713ሲ ወይም ማር-ኤም 247 (ሙቀት የሚችሉ የኒኬል ቅይጦች) ይሁን። ቤቱ ደግሞ ከፍተኛ ኒኬል ያለበት ብረት ይሁን፤ ተራ ፍስስ ብረት አይሁን። ሻጩ ሁለቱን በወረቀት ካላሳየህ እጅህን ኪስህ ውስጥ አቆየው።

ያገለገለ ከሆነ ዘንጉን በጣትህ ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች አወዛውዘው። በተራ ኩሽኔታ ላይ ትንሽ መላወስ ያለ ነው፤ ጎማው ቤቱን ከነካ ግን ጥለኸው ሂድ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሰማ መላወስ ካለ ትረስት ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው። የኮምፕሬሰሩን ምላጮች ጫፍ በባትሪ ብርሃን እያቸው፤ በአቧራ የተበላ ጫፍ እንደ ምላጭ ይሳላል።

ሄርማታ_ብየዳ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ሂታቺውን የሚመክሩ ሰዎች አሉ፤ ርካሽ ነው፣ ከሞተሩ ጋር ፍላንጁ ይገጥማል፣ ሙቀቱን ለምዶታል። ችግሩ የተርባይኑ ቤት ጠባብ መሆኑ ነው። የተሠራው መኪና ከትራፊክ መብራት ላይ ቶሎ እንዲነሳ ነው። አውሮፕላን ከመብራት አይነሳም፤ በ5,500 እና በ6,000 ዙር ሰዓታት ይቆያል። በዚህ ዙር ጭሱ በጠባቡ ቤት አልፎ ስለማያልቅ አብዛኛው በዌስትጌት (ጭሱን ተርባይኑን ሳይነካ በሚያሳልፈው በር) መውጣት አለበት፣ የውስጥ ዌስትጌቱ ቀዳዳ ደግሞ ለዚያ አይበቃም። ውጤቱን የአርኤክስ-7 ሰዎች ሁሉ ያውቁታል፦ ማርሚታውን ሲከፍቱለት ዌስትጌቱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶም የማኒፎልዱ ግፊት ብቻውን ይጨምራል።

መኪና ላይ እግርህን ታነሳለህ። 3,500 ሜትር ላይ ግን ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ከተርባይኑ በኋላ ያለው የውጭ ግፊት ዝቅ ስላለ ተርባይኑ የበለጠ ይሳባል፣ ዙሩ ከተፈቀደለት ያልፋል።

ሂታቺውን የግድ ካልክ ቀዳዳውን ቶርኖ ቤት ወስደህ አሰፋው፣ ክዳኑንም በትልቅ ቀይረው። ፍሬዛ እንጂ በእጅ ድሪል አይሞከር፤ የክዳኑ መቀመጫ ጠፍጣፋ ካልሆነ ቀይ ሆኖ ያፈሳል።

አዌቱ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡05

እኔ የምጠይቀው ከዚህ በፊት ያለውን ነው። ለምን ቱርቦ? ሞተሩ ባሕር ወለል ላይ 170 ፈረስ ጉልበት ከሰጠ ጅማ ላይ በ25 ዲግሪ 134 ይሰጣል፣ 3,500 ላይ 115 ይቀረዋል። ሮታክስ 914 በቱርቦ ታግዞ የሚሰጠው 115 ነው፤ ባለ ሁለት መቀመጫ ይበርበታል። ቱርቦው፣ ኢንተርኩለሩ፣ ዘይት መመለሻው፣ የሙቀት መከላከያው ተደምሮ ከ20 ኪሎ አያንስም፤ ያ ሁሉ አፍንጫ ላይ። እያንዳንዱ ፋሸታ ደግሞ የሚወልቅ አንድ ተጨማሪ ነገር ነው።

አየር_ሚዛን | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡20

አዌቱ ያነሳው ተገቢ ነው፣ ቁጥሩም ልክ ነው። የኔ ምክር፦ የሞተር መያዣውንና ፋየርዎሉን (በሞተሩና በመቀመጫው መካከል ያለውን የእሳት መከላከያ) ቱርቦ እንዳለ አድርገህ ሥራ፣ የመጀመሪያውን የሙከራ ሰዓት ግን ያለ ቱርቦ ብረር። ለማቀዝቀዣው፣ ለነዳጁና ለማርሹ ችግር መፈለጊያ ጊዜ ነው። ስድስት አዲስ ነገር በአንድ ቀን ከተሞከረ የትኛው እንዳጠፋ አይታወቅም። ቱርቦው የሚያስፈልገው በሁለት ሰው ክብደት፣ በቀትር ሙቀት፣ ከፊት ተራራ ሲኖር ነው፤ እዚያ በ134ና በ170 መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው።

ወደ ተርባይኑ ልመለስ። ኮምፕሬሰሩ 3,500 ላይ የሚፈልገው 8.3 ኪሎዋት ብቻ ነው፣ 11 ፈረስ ጉልበት ገደማ። የሮታሪ ጭስ ደግሞ ሙቀትም ግፊትም ተርፎት የሚወጣ ነው። ስለዚህ ሰፊ ቤት ያዝ፦ ፒ-ትሪም ጎማ፣ ቲ4 ፍላንጅ፣ ኤ/አር (የተርባይኑ ቤት የስፋት ቁጥር) ከ0.96 እስከ 1.15፣ ለሁለት የተከፈለ ቤት። ክፍፍሉ የሁለቱን ሮተሮች ጭስ እስከ ጎማው ድረስ ለየብቻ ይወስዳል፤ የአንዱ ምት ሌላውን አይገፋም። በዚህ መጠን ከተርባይኑ በፊት ያለው ግፊት ከማኒፎልዱ ግፊት ብዙም አይርቅም። ጠባብ ቤት ላይ ያ ግፊት ሲቆለል የተቃጠለው ጋዝ ወደ ሮተሩ ይመለሳል፣ ገቢውን አየር ያሞቃል፣ ማንኳኳቱም የሚመጣው ከዚያ ነው።

በሰፊው ቤት እንኳ ከጭሱ ሲሶ ገደማው በዌስትጌት ማለፍ አለበት። ስለዚህ የውጭ ዌስትጌት፣ 46 ሚሊ ሜትር፣ ሁለቱ የጭስ መስመሮች ወደ ተርባይኑ ከመግባታቸው በፊት ቀጥ ብሎ በሚወጣ መስመር ላይ። በ90 ዲግሪ ቅርንጫፍ ከወጣ ጭሱ አልፎት ይሄዳል።

ሄርማታ_ብየዳ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

በቧንቧው ላይ ልጨምር። ገበያ ላይ የምታገኘው የማይዝግ ቱቦ አብዛኛው 304 ነው፤ ለወተትና ለውሃ የተሠራ። ጠዋት ብትበይደው ያምራል። ከተደጋጋሚ ሙቀት በኋላ ካርበኑ ከክሮሚየሙ ጋር ተያይዞ በብየዳው ጠርዝ በኩል ይሰነጠቃል። ቲታኒየም የተጨመረበት 321 ይሁን፤ ከተገኘ ኢንኮኔል 625። ውፍረቱ ከ2 ሚሊ ሜትር አይነስ። በአርጎን ስትበይድ የቱቦውን ውስጥም በአርጎን ሙላው፤ ካልሞላኸው ከውስጥ እንደ ስኳር የተንኮረተተ ጠርዝ ይሠራል፣ ያ ጠርዝ ተገንጥሎ የሚሄደው ወደ ተርባይኑ ነው።

ቱርቦው በጭስ ማኒፎልዱ ላይ አይንጠልጠል። የራሱ ድጋፍ ከሞተሩ አካል ይምጣለት፣ ከአውሮፕላኑ ፍሬም ግን አይታሰር፤ ሞተሩ በጎማ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ፍሬሙ አይንቀጠቀጥም፣ መሐል ያለው ቧንቧ ይቀደዳል። ብረቱ በሙቀት ስለሚረዝም ድጋፉ ላይ ያለው ቀዳዳ ሞላላ ይሁን።

ከተርባይኑ በኋላ ጭስ ቧንቧውን የሚይዘው ቪ-ባንድ ፋሸታ ላይ ደግሞ ቸል አትበል። በነጥብ ብየዳ ከብዙ ክፍል የተገጣጠመው ዓይነት ሲበጠስ 900 ዲግሪ ጭስ ፋየርዎሉ ላይ ይተፋል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ዓይነቱ የ500 ሰዓት ዕድሜ ወስኖለታል። አንተ ከአንድ ወጥ ላሜራ የተሠራውን ግዛ፣ በሴፍቲ ሽቦም እሰረው፣ ፋሸታው ቢለቅ ቧንቧው ከቦታው እንዳይወርድ።

ቂጦ_13ቢ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

እግዜር ይስጥልኝ። ቲ04ኢ ከፒ-ትሪም ጋር ብያለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ቱርቦው ከሞተሩ በታች ስለሚቀመጥ ዘይቱ ወደ ካርተሩ (የሞተሩ የዘይት ማጠራቀሚያ) ሽቅብ ሊመለስ አይችልም። ደግሞ ራዲያተሩን ለየትኛው ከፍታ ልለካው? 3,500 ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ እዚያ የሚብስ መሰለኝ።

የድሮ_መካኒክ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ዘይቱን እኔ ልመልስልህ። ከቱርቦ የሚወጣ ዘይት በግፊት የሚሄድ እንዳይመስልህ፤ በዘንጉ ተመትቶ አረፋ ሆኖ በክብደቱ ብቻ ነው የሚወርደው። የመመለሻ ቱቦው የውስጥ ስፋት ከ16 ሚሊ ሜትር አይነስ፣ 19 ቢሆን ይሻላል፤ ሽቅብ የሚል ክርን አይኑረው። ቦታው ዝቅ ካለብህ ግማሽ ሊትር የምትሆን ትንሽ ሰልባትዮ (ማጠራቀሚያ) ከቱርቦው ሥር አድርገህ በመሳቢያ ፓምፕ ወደ ካርተሩ መልሰው። የሰልባትዮው መተንፈሻ ከሞተሩ መተንፈሻ ጋር ይገናኝ።

ፓምፑ ቢቆም ምን ይሆናል? ዘይቱ የቱርቦውን ሆድ ይሞላል፣ በሲሎቹ በኩል ወደ ጭሱም ወደ ኢንተርኩለሩም ይገባል፣ ከኋላ ነጭ ጭስ ታያለህ። ቱርቦ የተበላሸ መስሏቸው የሚቀይሩት ብዙ ናቸው፤ ጥፋቱ የመመለሻው ነው። ለዚህ ሰልባትዮው ላይ የዘይት መጠን ማብሪያ አድርግና መብራቱን ዳሽቦርድ ላይ አምጣው።

መግቢያው ላይ ደግሞ ተራ ኩሽኔታ ከሆነ የሞተሩን ሙሉ ግፊት ይፈልጋል። የኳስ ኩሽኔታ ካለው ግን 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቀዳዳ ያለው መገደቢያ ግዴታ ነው። ሁለቱን አታምታታ። ካረፍክ በኋላም ከማጥፋትህ በፊት ሦስት ደቂቃ በዝቅተኛ ዙር አሳርፈው፤ የጋለ ዘንግ ላይ የቆመ ዘይት ከሰል ይሆናል።

አየር_ሚዛን | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ራዲያተሩ ላይ ግምትህ ተገልብጧል። 3,500 ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለሉ በሲሶ ያህል ያንሳል፣ ልክ ነው፤ ግን አየሩ 2 ዲግሪ ነው። የሞተሩ ውሃ 95 ከሆነ ልዩነቱ 93 ዲግሪ ነው። ጅማ ላይ በ25 ዲግሪ ልዩነቱ 70 ብቻ ነው፣ ፍጥነትህም የመውጣት ፍጥነት ነው፣ ዝቅ ያለ። ከባዱ ሰዓት ከሜዳው ተነስተህ የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ናቸው። ለዚያ ለካው።

አንድ ነገር አትርሳ፦ ሮታሪ ላይ ሮተሮቹን የሚያቀዘቅዘው ዘይት ነው። ከሚወጣው ሙቀት ሲሶ ያህሉ በዘይት ራዲያተር ነው የሚሄደው፤ እንደ ፒስተን ሞተር ትንሽ ዘይት ማቀዝቀዣ አይበቃህም።

አዌቱ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡20

ቱርቦ ከገባ እንግዲህ ሲጠፋስ? የጅማ ክረምት ረጅም ነው፤ የራሰ ማጣሪያ፣ የደረቀ ቀይ አፈር። ማጣሪያው ቢዘጋ ወይም የቆመ ቱርቦ የአየር መንገዱን ቢይዘው ሞተሩ መተንፈሻ ያጣል። ከኮምፕሬሰሩ በኋላ፣ ከስሮትሉ በፊት ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈት ክዳን አድርግበት። በቀላል ሞላ ወይም በማግኔት ይዘጋል፤ በመደበኛው ሰዓት የቱርቦው ግፊት ራሱ ይደፍነዋል፣ ግፊቱ ጠፍቶ ሞተሩ ሲስብ ይከፈታል። 115 ፈረስ ጉልበትህ ይቀርልሃል፣ ወደ ቤትህ ትመለሳለህ።

የሲሊኮን ቱቦዎቹ የሚገቡበት የአሉሚኒየም ጫፍ ዙሪያውን ጎርበጥ ያለ ከንፈር ይኑረው። ለስላሳ ጫፍ ላይ ምንም ፋሸታ አይይዝም።

ቂጦ_13ቢ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

የመጨረሻው ዌስትጌቱን የሚያዘው ነው። ምን ያህል ሞላ ልግዛ?

አየር_ሚዛን | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

የመኪና ዌስትጌት ሞላ የሚለካው ከውጭው አየር አንጻር ነው፤ ከፍታ ሲጨምር የማኒፎልድህ ግፊት አብሮ ይወርዳል። ለ3,500 ሜትር የሚበቃህን 35 ኪሎፓስካል ሞላ ብታስገባ ጅማ ላይ 117 ይሰጥሃል። ስሮትሉን እየቆጠብክ ልትነሳ ትችላለህ፣ ግን አንድ ቀን ትረሳዋለህ።

ስለዚህ 20 ኪሎፓስካል ሞላ ግዛ። ጅማ ላይ 82.5 ሲደመር 20፣ 102 ነው። ከዚያ በላይ ያለውን የሞተሩ ኮምፒውተር በሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ በሚከፈትና በሚዘጋ ቫልቭ) ይጨምረው፤ የሚያነበው ፍጹም ግፊት ስለሆነ ዒላማውን 101 ላይ ስጠው። ሶሌኖይዱ ሞላውን እጥፍ ያህል ማድረስ ይችላል፣ ማለትም 4,000 ሜትር ላይ 61.6 ሲደመር 40። የሶሌኖይዱ ኤሌክትሪክ ቢጠፋ 3,500 ላይ ወደ 86 ትወርዳለህ፤ ጉልበት ትቀንሳለህ እንጂ ሞተር አትሰብርም።

በዚህ መከላከያ ያልተሸፈነው አደጋ የዌስትጌቱ ግፊት ቱቦ ነው። እሱ ከወለቀ ክዳኑ እንደተዘጋ ይቀራል፣ ቱርቦው ያለ ልጓም ይሽከረከራል። ጎማ ቱቦ አትጠቀም፤ የብረት ቱቦ በክር ማያያዣ አድርገው። 108 ላይ የሚበራ ቀይ መብራት ፊትህ ይኑር። ኮምፒውተሩ ነዳጅ እንዲቆርጥ ግን አታዘው፤ ሜዳው ጫፍ ላይ በድንገት የቆመ ሞተር ከበዛ ግፊት ይብሳል።

ሳትነሳ የምትፈትነው እንዲህ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የዌስትጌቱን ቱቦ ፍታና በብስክሌት ፓምፕና በጌጅ ቀስ እያልክ ግፊት ስጠው፤ 20 አካባቢ ላይ ክዳኑ መነሳት መጀመር አለበት፣ ፓምፑን ስትይዘውም ጌጁ መውረድ የለበትም። ከወረደ ዲያፍራሙ ተቀዷል። ቀጥሎ አውሮፕላኑን አስረህ፣ የሶሌኖይዱን ሶኬት ነቅለህ፣ ሙሉ ስሮትል ስጠው፤ 102 ላይ መቆም አለበት። ከዚያ በላይ ቀስ እያለ ከወጣ ጥፋቱ የሞላ አይደለም፣ ጭሱ ወደ ዌስትጌቱ የሚታጠፍበት መስመር ነው፤ ወደ ሄርማታ_ብየዳ መልሰው። 102 ላይ ከቆመ ብቻ ሶኬቱን ሰካ፣ ዒላማውን ለአምስት ሰከንድ 105 አድርገውና መርፌው መከተሉን እይ።